አያ ጅቦ ምን አደረገ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም «ለልጆችዎ የትኛውን ተረት ይተርካሉ?» ብለን ጠይቀን ነበር። ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡት ደብዳቤዎች ግን ራሳቸው ጥያቄ ይዘው መጡ። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ተረቱ ክፉ ነው፤ ክፉ የሚባለው ማን ነው? ልጅስ ከእሱ ምን ይዞ ይቀራል? ስምንቱን አሳጥረን አቅርበናል። የጠያቂዎቹን ስም እንደ ልማዳችን አላወጣንም።

«ልጄ አራት ዓመቱ ነው። አያቱ ማታ ማታ ስለ አያ ጅቦ ትተርክለታለች። አሁን ከመሸ ወደ ደጅ መውጣት እምቢ ብሏል። ከጦሳ ተራራ በኩል ጅብ ሲጮህማ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ይንቀጠቀጣል። እናቴን ተረቱን ተዪው ልበላት? እንዳይከፋት ብዬ ዝም አልኩ።» እናት፣ ከሆጤ፣ ደሴ

ተረቱን አያስጥሏቸው። መጀመሪያ ቤትዎ ውስጥ ስንት ጅብ እንዳለ ይቁጠሩ። አንደኛው አያትየው የሚተርኩት ነው። ሁለተኛው «ዝም በል፣ ጅቡ መጣልህ!» እየተባለ የሚጠራው ነው። ሦስተኛው ሌሊት በእውነት የሚጮኸው ነው። በአብዛኛው ልጅን የሚያስበረግገው ሁለተኛው ነው፤ የሚወቀሰው ግን አንደኛው።

የተረቱ ጅብ በር አለው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚከፍተው ልጁ ራሱ ነው፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል ይዘጋል። በመካከሉ ጅቡ ይስገበገባል፣ ይታለላል፣ ይሸነፋል፣ ልጁም ይስቅበታል። የማስፈራሪያው ጅብ መግቢያም መውጫም የለውም። ልጁ ምግብ እምቢ ባለ ቁጥር፣ ባለቀሰ ቁጥር ይጠራል፤ ማንም ሲያሸንፈው አልታየም። ስለዚህ ከእናትዎ ጋር የሚነጋገሩት ስለ ማስፈራሪያው ይሁን። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሠራተኛዋም ታላላቆቹም፣ ለሁለት ሳምንት «ጅቡ መጣ» ማለት ያቁም። አንድ ሰው ከቀጠለበት የሌላው ልፋት ከንቱ ነው።

ከዚያ ሰዓቱን ይለውጡ። ተረቱ ከራት በፊት፣ መብራት እያለ፣ ሰው ቤቱን ሞልቶት ይነገር። ለአራት ዓመት ልጅ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይበቃል፤ ጅቡም አንድ ይሁን፣ የሚያሳድደውም አንድ። አልጋ ላይ ከወጣ በኋላ እንቆቅልሽ ይሻላል። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ይላል፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል። አገር ሲሰጥና ሲቀበል ያንቀላፋ ልጅ ጅብ አያልምም ባንልም፣ ቢያንስ ጅብ እያሰበ አልተኛም።

አንድ ሳምንት ካለፈ ሚናውን ያገላብጡ፤ ልጁ ጅቡን ይሁን፣ አያቱ ጦጢትን። የጅቡን ጎርናና ድምፅ ከራሱ ጉሮሮ ያወጣ ልጅ ድምፁን ይለምደዋል። እውነተኛው ጅብ በሚጮህበት ሌሊት ግን ይህን ጨዋታ ይተዉት፤ ተረቱና እውነቱ ይደባለቁበታል።

ስለ ሦስተኛው ጅብ አይዋሹት። «ጅብ የለም፣ ውሻ ነው» ቢሉት ማታውኑ ይሰማዋል፤ ከዚያ በኋላ «አይዞህ» ሲሉትም አያምንዎትም። «አዎ፣ ጅብ ነው። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት አጥንትና ጥንብ ይፈልጋል፣ ያድናልም። የተዘጋ በር ግን አይከፍትም» ይበሉት። ሌሊት ብቻውን እንዳይወጣ ፖፖ ያስገቡለት ወይም ባትሪ ይዘው አብረውት ይውጡ። ሐረር ውስጥ ሰዎች ጅብን በእጃቸው እንደሚያበሉ ቢነግሩትም ዓይኑ ይፈጣል፤ እውነት ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ፍርሃቱ ከአንድ ወር በላይ እንቅልፍ ከነሳው፣ ወይም ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ከጀመረ፣ የሕፃናት ሐኪም ያማክሩ።

«የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። በየተረቱ ጦጢት ጅቡን ትዋሸዋለች፣ ታታልለዋለች፣ ታሸንፋለች። ተማሪዎቼ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሳላውቀው ውሸት እያስተማርኩ ይሆን?» ከኮምቦልቻ

ልጆቹን የሚያስቃቸው ትንሿ ትልቁን መጣሏ ነው። ቤት ውስጥ ትንሽ፣ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የሆነ ልጅ ጉልበት የሌላት እንስሳ ስታመልጥ ራሱ ያመለጠ ያህል ደስ ይለዋል። ጥያቄዎ ግን መሠረት አለው። በዚህ ዕድሜ ልጅ የተደረገውን ያያል፤ ለምን እንደተደረገ መመዘን ገና እየለመደ ነው።

የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት በስኒ አሳይቶታል። አንድ ልጅ በር ሲከፍት፣ ከበሩ ጀርባ መኖሩን ያላወቀውን ትሪ ገፍቶ 15 ስኒ ይሰብራል። ሌላው እናቱ በሌለችበት ማርማላታ ሊወስድ ሲንጠራራ አንድ ስኒ ይሰብራል። የባሰ ያጠፋው ማን ነው? ትንንሾቹ «15 የሰበረው» ይላሉ፤ ከፍ ያሉት «ሊሰርቅ የነበረው»። ለውጡ የሚታየው ከ7 እስከ 10 ዓመት ገደማ ነውና የእርስዎ ተማሪዎች መሻገሪያው ላይ ናቸው። አንድ ቀን ረከቦት ይዘው ገብተው ይጠይቋቸው፤ ክፍሉ ለሁለት ቢከፈል አይግረምዎ።

ጦጢትን ብቻዋን አያስገቧት። በዚያው ሳምንት ኃይለኛው የሚዋሽበትን ተረት ይጨምሩላት፤ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የተባለበትን። ጅቡ ከላይ አህያዋ ከታች ሆነው ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ፤ ጅቡም «ውሃዬን አደፈረስሽብኝ» ይላታል። ቦርከና ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ውሃ ወደየት እንደሚወርድ ያውቃልና ውሸቱን ከአህያዋ ቀድሞ ይይዘዋል። (ከኤሶፕ ተረቶች በአንዱም ተኩላው የበግ ግልገሏን የሚወነጅላት በዚሁ ነው።) ሁለቱ ተረቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዷ ላለመበላት፣ ሌላው ለመብላት እንደዋሹ ይታያል።

ለማነጻጸር ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ምን ፈለገ? ምን አደረገ? ማን ተጎዳ? ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩና ጦጢትንም ጅቡንም በየተራ ያስገቧቸው። ጥያቄውን መጨረሻ ላይ ከማከማቸት ተረቱን መሀል ላይ፣ ጦጢት አፏን ልትከፍት ስትል ማቆም ይሻላል፤ «አሁን ምን ታድርግ?» ሲባሉ ከውሸት ሌላ መንገድ የሚያመጡ ልጆች አይጠፉም። «ክፉ ነው ወይስ ደግ?» ብለው ግን አይጀምሩ፤ ጅብ ነዋ፣ መልሱ ተረቱ ሳይጀመር ይታወቃል። «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ሃምሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «መዋሸት ጥሩ አይደለም!» ይላል፣ ደወል ይደወላል፣ አለቀ።

እውነት መናገርን ለማስተማር ከሆነ ሌላ ዓይነት ተረት ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆኑ ልጆች ከጀርባቸው ያለ አሻንጉሊት ምን እንደሆነ በድምፁ እንዲገምቱ ተጠየቁ። ተመራማሪዋ ወጣ ስትል ዘወር ብለው እንዳያዩ ነገረቻቸው፤ ስትመለስ ተረት አነበበችላቸውና «አይተሃል?» አለች። ሲዋሽ አፍንጫው የሚረዝመውን ፒኖኪዮን፣ ወይም «ተኩላ መጣ» እያለ ሲያታልል በመጨረሻ ደራሽ ያጣውን እረኛ የሰሙት ልጆች፣ ከውሸት ጋር የማይገናኝ ተረት ከሰሙት የበለጠ እውነት አልተናገሩም። የተሻሉት የቼሪ ዛፍ መቁረጡን ለአባቱ አምኖ የተመሰገነውን፣ የኋላውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተንን ተረት የሰሙት ናቸው። መጨረሻው ተለውጦ ልጁ ዋሽቶ ሲቀጣ ተደርጎ ሲነበብ ግን ጥቅሙ ጠፋ። አለንጋው በበዛበት ተረት ልጅ የሚማረው እንዳይያዝ መጠንቀቅን ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ብልሃትን ከውሸት ለይቶ የሚያሳይ የአገራችን ተረትም አለ፤ ለደሴ ብርድ የተሠራ ይመስላል። ጌታው አሽከሩን «ተራራ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ካደርክ መሬትና ከብት እሰጥሃለሁ» ይለዋል። ወዳጁ የሆነ ሽማግሌ ከማዶ ተራራ እሳት ያነድለታል፤ አሽከሩ ያን ነጥብ ብርሃን እያየ ያነጋል። ጌታው «እሳት ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። ከዚያ ለአሽከሩ የተቆረቆረ ሰው ግብዣ ይጠራል። ጌታውም ዳኛውም ይቀመጣሉ። ከጓዳ ወጡ ይሸታል፣ ጥብሱ ይሸታል፣ ሰዓቱ ይነጉዳል፣ የሚቀርብ የለም። «ምግቡ የታለ?» ሲሉ «ሽታው አላጠገባችሁም?» ይባላሉ። ማንም አልዋሸም፤ የተረታው ግን ማን እንደሆነ ልጁ ያውቃል። ኮምቦልቻ ላደገ ልጅ ብርዱ ካልታየው «ጦሳ ጫፍ ላይ ያለ ጋቢ» ይበሉት።

«ሚስቱ የሞተችበት ሰው አግብቻለሁ። ልጁ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እየለመደችኝ ነበር። በቀደም ትምህርት ቤት የክፉ እንጀራ እናት ተረት ሰምታ መጣችና ያቀረብኩላትን ምሳ አልበላም አለች። ምን ላድርግ?» ከኮምቦልቻ

አብሽሩ፣ ይመለሳል። ምሳው ላይ አይጨቃጨቁ። በእነዚህ ተረቶች እንጀራ እናት የምትጎዳው ብዙ ጊዜ በምግብ ነውና ልጅቷ የፈራችው ሳህኑን ነው። ለተወሰኑ ቀናት ሁላችሁም ከአንድ ትሪ ብሉ፤ ጉርሻውን አባቷ ይጀምር። እርስዎ ሊያጎርሷት አይቸኩሉ፤ እሷ ስታጎርስዎ መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው።

ክፉዋ እንጀራ እናት ከየት እንደመጣች ማወቁ ደግሞ ያቀልልዎታል። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ግሪም ተረቶቻቸውን መጀመሪያ ሲያሳትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1812፣ ስኖው ዋይት የተባለችውን የተረት ልጅ የምታሳድዳት የወለደቻት እናቷ ነበረች። በ1819 እትም ወደ እንጀራ እናት ለወጧት። በሌላው ተረት ወንድምና እህቱን፣ ሃንሰልና ግሬተልን፣ ጫካ የምታስጥለውም በመጀመሪያው እትም እናታቸው ነበረች፤ ኋላ ላይ እሷም እንጀራ እናት ተደረገች። ይህን ያደረጉት የእናትነትን ክብር ለመጠበቅ ነው ይባላል። እናት ይህን ታደርጋለች ማለቱ ከበዳቸውና ሸክሙን በሌላዋ ሴት ጀርባ ላይ ጫኑት።

የአገራችን ተረት ለእርስዎ የሚሆን ሌላ ነገር አስቀምጧል። የባሏ ልጅ አልቀርብ ያላት ሴት ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ትሄዳለች። «ከአንበሳ ጢም ሦስት ጸጉር አምጪና መድኃኒት አደርግልሻለሁ» ይሏታል። ሥጋ ይዛ ትወርዳለች። በመጀመሪያው ቀን ከሩቅ አስቀምጣ ትሸሻለች። በማግስቱ ትንሽ ትቀርባለች። እንዲህ እንዲህ እያለች አንበሳው ከአጠገቧ ይበላል፤ ያኔ ጸጉሩን ትወስዳለች። ሽማግሌው ግን መድኃኒት አይቀምሙም። አንበሳውን ያለመድሽበትን መንገድ ለልጁ አድርጊው ይሏታል።

ይህን ተረት በመጀመሪያው ሳምንት ራስዎ አይተርኩት፤ ለራስዎ ጥብቅና የቆሙ ይመስላል። አባቷ ወይም አክስቷ ይተርኩት። ቀኖቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እርምጃው በየቀኑ እየተጠጋ። ስለ ልጅቷ ሲባል የሽማግሌውን የመጨረሻ ንግግር ቢዘሉትም ችግር የለም፤ አንበሳዋ እሷ መሆኗን ራሷ ትድረስበት። ለመምህሯም የሰማችው ተረት ምን እንዳደረገ ይንገሯት። ተረቱ ይከልከል ብለው አይጠይቁ፤ ከጎኑ ይህኛው እንዲነገር ይጠይቁ። ልጅቷ ምን ብላ እንደምትጠራዎትም ምርጫውን ለእሷ ይተዉላት።

«ባለቤቴ ሸክላ ትሠራለች፣ እኔ ገበያ አወጣለሁ። ልጃችን አንደኛ ክፍል ገባች። አንድ ልጅ "ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል" የሚል ተረት ተናግሮ ከዚያ ወዲህ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ።» አባት፣ ከደሴ ዙሪያ

ይህ መልስ እስካሁን ከጻፍናቸው ሁሉ የጠነከረ መሆን አለበት። አያ ጅቦ ክፉ የሚባለው ስለሰረቀ፣ ስለዋሸ፣ ሊበላ ስለመጣ ነው። «ቡዳ» የሚባለው ሰው ግን ምንም አላደረገም፤ ክፋቱ ከእጅ ሥራውና ከቤተሰቡ ተነስቶ ተለጠፈበት። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው ሁሉ በዚህ ተረት ተሰቃይቷል። ሦስቱን ጥያቄዎች ብናቀርብለት «ምን አደረገ?» የሚለው ዓምድ ባዶ ይቀራል። «ማን ተጎዳ?» የሚለው ላይ የልጅዎ ስም ይጻፋል።

በዚህ ሳምንት ወደ ክፍል ኃላፊዋ ይሂዱ። የተናገረው ልጅ ይገረፍልኝ አይበሉ፤ የተገረፈው በልጅዎ ምክንያት ይሆንና ጠባሳው እሷ ላይ ይወጣል። የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ክፍሉ በሙሉ ቦታ ይቀያየር፤ እሷን ብቻ ማንሳት ጣት መቀሰር ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ለሸክላ ይሰጥ። ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስት፣ እንስራ ይምጣና «ቤታችሁ ውስጥ ከእነዚህ የትኛው አለ?» ይባል። ወሎ ውስጥ ጀበና የሌለበት ቤት ከየት ይገኛል? ባለቤትዎ መጥተው እንዲያሳዩ ከተፈለገ በቅድሚያ ልጅቷ ትጠየቅ፤ ካፈረች ይቅር፣ ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ለልጆቹ የሚሰጠው ጭቃ የተነከረ፣ ጠጠሩ የተለቀመ፣ በደንብ የታሸ ይሁን። ለእያንዳንዱ የእንቁላል ያህል ይበቃል። ግድግዳው ከጣት ከወፈረ ውስጡ እርጥብ እንዳለ ውጪው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣም እንደዚያው። ጥላ ውስጥ አምስት ስድስት ቀን ይቆይ። ግማሹ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ያኔ «እናቷ እንዴት ሳይሰነጠቅባት ቻለች?» የሚል ጥያቄ ከልጆቹ ይመጣል። የፈለግነውም ይህንኑ ነው።

የሰውን ገላ የክፋት ምልክት የሚያደርጉ ተረቶችም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ዓይነ ስውሩ ተንኮለኛ፣ የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው መጥፎ። ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለአሥርተ ዓመታት ያከመ ነው። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት የሚድን ሆኖ ሳለ ተረቱ ብቻ ሳይታከም ቀረ።

«ክፍሌ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ልጆች አሉ። በተረቱ ክፉ ፍጡር ሲመጣ ሰይጣን ልበል፣ ሸይጧን ልበል፣ ወይስ ጭራቅ?» የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ደሴ

ጭራቅ ይበቃል። ጭራቅ የተረት ነው፤ ሌሎቹን ልጆቹ ከቤታቸው፣ ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ይማሯቸዋል። ክፉው ሰው ከሆነም ስም አይስጡት፤ የግድ ካሉ የክፍሉን ስም መጥሪያ አይተው የማንም ያልሆነ ይምረጡ። የድሮ ተራቾች «አንድ ንጉሥ»፣ «አንዲት መበለት»፣ «አንድ ስስታም ሰው» የሚሉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

«ለትንንሽ ልጆች መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። ክፉው ጅብ ነው፤ ይሰርቃል፣ ይያዛል፣ ይገረፋል። ያነበቡት ሁሉ "ደረቅ ነው" አሉኝ። ምን ጎደለው?» ወጣት ጸሐፊ፣ ፒያሳ፣ ደሴ

ጅብህ የሰረቀው ክፉ ስለሆነ ነው፤ ክፉ መሆኑ የታወቀው ደግሞ ስለሰረቀ ነው። እዚያው ይሽከረከራል። መጀመሪያ ፍላጎት ስጠው። በሦስቱ በሬዎች ተረት አውሬው ለቀይና ለጥቁሩ በሬ የሚላቸውን አስታውስ፤ «ነጩ ሌሊት ከሩቅ ይታያል፣ በእሱ ምክንያት ሁላችሁም ትበላላችሁ»። ነጭ ነገር በጨለማ መታየቱ እውነት ነው። የተንኮሉ ጉልበት ያለው እዚያ እውነት ውስጥ ነው፤ ሁለቱ በሬዎች ባይስማሙ ኖሮም አንድ ሥጋ አያገኝም ነበር። እንዲህ ዓይነት ክፉ ልጁን «እኔ ብሆን እስማማ ነበር?» ያሰኘዋል።

ግርፋቱን አውጣው። ልጅ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ሥዕል ነው፤ ጅራፉ ከበዛ ስርቆቱ ይረሳል። ጅቡ የሰረቀውን ተሸክሞ ይመልስ፣ ያፈረሰውን በረት ይጠግን፤ ሥዕሉም ያምራል።

እንስሳ ይሁን ሰው? ቶሮንቶ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ዓመት ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ስለ ማካፈል አንድ ታሪክ በሁለት መልክ አነበበ፤ አንዱ በሰዎች፣ ሌላው ልብስ በለበሱ እንስሳት። ከንባቡ በኋላ ለሌላ ልጅ የሚሰጡት ስቲከር ተቆጠረ። የሰዎቹን የሰሙት ከበፊቱ የበለጠ ሰጡ፤ የእንስሳቱን የሰሙት ቀነሱ። እንስሳቱን እንደ ሰው የቆጠሩ ልጆች ግን ይሻሉ ነበር። ስለዚህ ልጁ ነገ ጠዋት እንዲያደርገው የምትፈልገው ነገር ካለ ገጸ ባሕርይህ እሱን የሚመስል ልጅ ይሁን። ስለ ጉልበተኛና ስለ ስስታም ለማውራት አያ ጅቦ ይመቻል፤ ማንም «ስለ እኔ ነው» ብሎ አይቆጣህም፣ አዋቂውም ጭምር።

ለሠዓሊህ በግልጽ ንገረው፤ ክፉው ከደጉ የጠቆረ ቆዳ፣ የሚያነክስ እግር፣ የጠፋ ዓይን አይኑረው። ካልነገርከው እጁ በልማድ ወደዚያ ይሄዳል። ጮክ ተብሎ የሚነበብ ወይም ለሬዲዮ የሚሆን ከሆነም ለሞኙና ለሌባው የገጠር ቅላጼ አትስጥ። ይህ በአማርኛ ድራማ ሥር የሰደደ ስንፍና ነው።

የልኩን ነገር በአጭሩ፦ ማተሚያ ቤት ገጽ የሚያጥፈው በ8 እና በ16 ስለሆነ 24 ወይም 32 ገጽ አስብ፤ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ ከ300 እስከ 500 ቃል ይበቃል። ከማሳተምህ በፊት ዘመድህ ላልሆኑ አምስት ስድስት ልጆች አንብብላቸው፤ ዓይናቸው ወደ መስኮት የሄደበትን መስመር በእርሳስ ምልክት አድርግ። «ወደዳችሁት?» አትበል፣ ሁሉም «አዎ» ይላሉ። በማግስቱ መልሰው እንዲተርኩልህ አድርግ። ስለ ጅቡ የሚነግሩህ መልኩን ብቻ ከሆነ ያደረገው ነገር አልታያቸውም ማለት ነውና እንደገና ጻፍ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ምሳሌያዊ አነጋገር አስቀምጠህ ከሆነ ያን ገጽ ቅደደው።

«ልጄ ሦስት ዓመት ተኩሉ ነው። ስልክ ላይ ካርቱን ያያል። ጀግናው ክፉውን ይደበድባል፤ ልጄም እህቱን ይደበድብና "እሷ ክፉዋ ናት" ይላል።» እናት፣ ሸዋ በር፣ ደሴ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ስክሪን ፊት የሚቀመጠው በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር ደግሞ እንደሚሻል ይመክራል። በዚያች ሰዓትም አጠገቡ ይቀመጡ። ድብደባው ሊጀመር ሲል ያቁሙትና «ለምን ተጣሉ?» ይበሉት። እርስዎም እሱም መልስ ካጣችሁ ፊልሙም መልስ የለውም፤ ሌላ ይምረጡ። ጨዋታውን አይከልክሉ፤ ሕግ ያውጡለት። በየአምስት ደቂቃው ጀግናና ክፉ ይቀያየራሉ፣ መማታት የለም፣ የተሸነፈውን የሚያክም ሐኪም ይጨመራል። ክፉውን ሆኖ መሬት ላይ የተኛ ልጅ በሚቀጥለው ዙር እጁ ይቀላል።

«ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ጅቡ ገደል ሲገባ ወንድሞቿ ይስቃሉ፣ እሷ ታለቅሳለች። "ርቦት ነው እኮ" ትላለች። ላጽናናት ወይስ ላርማት?» አባት፣ ከኮምቦልቻ

አያርሟት። «ምን ፈለገ?» የሚለውን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቃት መልሳዋለች። «ክፉ ስለሆነ ነው» ቢሏት ታለቅሳለች፤ «ጅቡ ምንም አልሆነም» ቢሏት ደግሞ ሊበላት የነበረችውን ፍየል ይረሷታል። ርቦት እንደነበረ ይመኑላት፤ የሰው ፍየል ሊበላ እንደነበረም ያስታውሷት። ከዚያ «ገደሉ ሥር ሲነቃ ምን አገኘ?» ብለው ይጠይቋት። ያለችውን ጽፈው ያስቀምጡና ነገ ማታ ተረቱ ከዚያ ይጀመር። «ተረት ተረት» የምትለው እሷ ትሁን፤ እርስዎና ወንድሞቿ «የላም በረት» ብላችሁ ተቀበሏት።